የእህቴን የእጅ ጽሕፈት ለተዋሰው ጉባኤ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሚስተር ሃድሊ ስትራውድ
የፓርቲው አገር አቀፍ ጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። ጤናዎ የተሟላ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ ባይሟላ እንኳ ከቤትዎ ብዙም ሳይርቅ ሐኪም እንደሚገኝ ስለማምን በዚህ በኩል ስጋት የለብኝም። እኔ ደኅና ነኝ። እህቴም ይህን እስከምጽፍ ድረስ ደኅና ናት፤ ወደ እሷ በኋላ እመጣለሁ።

ስሜ ማርሊስ ቮንድራ ይባላል። ስሜን ላያውቁት ይችላሉ፤ ፊቴን ግን ያውቁታል። ፓርቲው የፕሬዚዳንት ዕጩውን ባቀረበበት ጉባኤ ሦስተኛ ቀን፣ ከመድረኩ በላይ ባለው ግዙፍ ስክሪን ላይ፣ የበቆሎ ቅርጽ ያለው ኮፍያ ደፍታ፣ «ዌስትሊን ታመሰግናለች» የሚል ካርቶን ከፍ አድርጋ የታየችው ልጅ እኔ ነኝ። የፖለቲካ ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ኮሌጃችን «ፖለቲካን በእጅ መማር» ብሎ በሰየመው የተግባር ትምህርት አማካይነት በኮሚቴዎ ሥር እንዲያገለግሉ ከተመረጡት ተማሪዎች አንዷ ነበርኩ። በእውነትም የተማርኩት በእጄ ነው። ምስጋናዬን አገር በሚያነበው ጋዜጣ ላይ ለማቅረብ የወሰንኩት፣ በግል ለላክሁልዎት ደብዳቤዎች ሁሉ አንድ ማሽን አንድ ዓይነት መልስ ስለሰጠኝ፣ ማሽኑን ደጋግሞ ማስቸገር ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ወንበሮቹ አመሰግናለሁ። ከክፍል ይዘነው የሄድነው ትምህርት፣ በጉባኤ አዳራሽ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ወንበር የአንድ አካባቢ ሕዝብ ድምፅ ነው የሚል ነበር፤ ይህን ስህተታችንን ገና በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አረማችሁልን። ተወካዮቹ ባለሀብቶች ወዳዘጋጁት ግብዣ ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጡ፣ ካሜራው ባዶ ቦታ እንዳያይ የእነሱን ባጅ አንገታችን ላይ አጥልቀን፣ ኮፍያቸውን ደፍተን እንቀመጥላቸው ነበር። እኔ በአንድ ቀን ውስጥ ጡረታ የወጣ ገበሬ፣ የመዘምራን መሪ እና ከጦርነት የተመለሰ ወታደር ሆኛለሁ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰው አስተባባሪ እጁን ሲያነሳ እንነሳለን፤ ሲያጨበጭብ እናጨበጭባለን፤ ዓይኑን ሲጠርግ እናለቅሳለን። ከጎኔ የነበረው የክፍል ጓደኛዬ እንባ እምቢ ብሎት ሲጨነቅ፣ አስተባባሪው ጎንበስ ብሎ «አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል? እናትህን አስባት እንጂ!» ብሎ ተቆጣው። ልጁ እናቱን አስቦ አለቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ማቆም አቅቶት ከካሜራው ፊት አንስተው ወሰዱት።

ሁለተኛ፤ ስለ ካርቶኖቹ ይበልጥ አመሰግናለሁ። ወደ አዳራሹ በእጅ የተጻፈ መፈክር ይዞ መግባት ለደኅንነት ሲባል ክልክል መሆኑን በበሩ ላይ በትልቁ ለጥፋችኋል። ከበሩ ሥር፣ በምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ደግሞ፣ እኛ ተማሪዎች በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆመን፣ ከየከተማው ሕዝቡ በእጁ ጽፎ ያመጣቸው የሚመስሉ መፈክሮችን ከጠዋት እስከ ማታ እናመርት ነበር። የዚህ ክፍል ኃላፊ ሚስ ኬንድራ ፎል ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማትበልጥ፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ነገር ግን ክፋት የሌለባት ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ሥራዬን አንስታ አየችና ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ እኮ የሠርግ ጥሪ ነው የሚመስለው! በእናትሽ አበላሺልኝ። ትንሽ ይጣመም፣ ቦታ ይጠርሽ፣ ቀለሙም ይንጠባጠብ።»

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞራ አንዱን የከባድ መኪና ሾፌር፣ አንዷን ጡረተኛ አስተማሪ አድርጋ ሾመቻቸውና ወደ እኔ ተመለሰች።

«አንቺ እናት ሁኚልኝ። የጨነቃት እናት። በአንድ እጇ ሕፃን ይዛለች፣ በሌላው ትጽፋለች። ገባሽ?»

ገባኝ። በሕይወቴ እንዲህ ሆና የምትጽፍ አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው፤ እሷም ታላቅ እህቴ ትሬሳ ናት። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ፊደል ያስቆጠረችኝም በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ እሷው ናት። ግራኝ ስለሆነች ፊደሎቿ ሁሉ ወደ ኋላ ያዘነብላሉ፤ ሁልጊዜም ስለምትቸኩል ጠርዝ ላይ ስትደርስ ቦታ ያልቅባትና የመጨረሻዎቹ ፊደላት እርስ በርስ ይደራረቡባታል። ልጅ ሳለሁ የእሷን ጽሕፈት እያስመሰልኩ ለትምህርት ቤት የፈቃድ ወረቀት እጽፍ ስለነበር እጄ አልረሳውም። ጽፌ ስጨርስ ኬንድራ ካርቶኑን አንስታ ለሁሉም አሳየች።

«ወይኔ! ይቺን ተመልከቱልኝ! እንዴት አድርገሽ ነው? ሕፃኑን እኮ አሳየሽኝ!»

እኔም፣ አልዋሽዎትም፣ ደስ አለኝ።

ሦስተኛው ጉዳይ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቃል ነው። የግዛታችን አገረ ገዥ በሦስተኛው ቀን ስለ ገጠር ሆስፒታሎች መዳን ንግግር ሊያደርጉ ነበርና፣ የዳነ ከተማ ስም ተፈለገ። ኬንድራ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ከዌስትሊን ነኝ ስላት ፊቷ በራ። እኔም የዌስትሊን ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍሉና የኦፕራሲዮን ክፍሉ በዚህ ጸደይ መዘጋታቸውን፣ የከተማው እናቶችም ይከፈትልን ብለው ለግዛቱ የጤና ቢሮ አቤቱታ ማስገባታቸውን፣ አቤቱታውን በእጇ የጻፈችውም ነፍሰ ጡር እህቴ መሆኗን ልነግራት ሞከርኩ። ኬንድራ በሁለት ስልክ መሃል ሰማችኝ።

«ውዴ፣ ሆስፒታሉ ግን አለ አይደል? ሕንጻው?»

«ሕንጻው አለ።»

«በቃ፣ ለሕንጻው አመስግኚ! ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅሽም። ደግሞ ስሚኝ፣ ይሄን ቆንጆ አድርገሽ ከሠራሽልኝ ሲያልቅ ከአገረ ገዥው የጤና አማካሪ ጋር አገናኝሻለሁ። ሁለት ደቂቃ፣ ሁለታችሁ ብቻ። የእህትሽን ጉዳይ ያኔ ትነግሪዋለሽ።»

ክቡር ሆይ፣ የፖለቲካ ሳይንስ ማለት ይህ ነው ብዬ አመንኩ። አንድ የውሸት ምስጋና ሰጥቼ ሁለት የእውነት ደቂቃ ልገዛ መሆኑ ነው። «ዌስትሊን ታመሰግናለች» ብዬ ጻፍኩ፤ እናት ሁኚ ተብዬ ስለነበር በእናት ጽሕፈት፣ ማለትም በትሬሳ ጽሕፈት ጻፍኩት።

ስለ ወንበር ቀደም ብዬ አመስግኛለሁ፤ አንድ ወንበር ግን ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። የዌስትሊን ተወካይ ሚስስ ሎይስ ፔተርካ ትባላለች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ እኔንም ትሬሳንም እያመላለሰች ያስተማረችን እሷ ናት። በዚያ ቀን ከቤቷ ያመጣችው ካርቶን ከዘር በቆሎ ማሸጊያ የተቆረጠ ሲሆን፣ «የዌስትሊን ማዋለጃ ይከፈት» የሚል ተጽፎበት ነበር። በር ላይ ተቀማች። እኔ በዚያ ሳልፍ ከጥበቃው ጋር ክርክር ገጥማ አየኋት።

«ልጄ፣ ይሄ ካርቶን ነው እንጂ ቦምብ ነው እንዴ?»

«ይቅርታ እናቴ፣ በእጅ የተጻፈ አይገባም።»

«ውስጥ ያለውስ በምን ተጻፈ? በእግር ነው?»

ጥበቃው ካርቶኑን አጠፍ አድርጎ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ከተተው። ሎይስ ካልመለስክልኝ አልገባም ብላ በሩ ላይ ቆመች። በዚህ ጊዜ አገረ ገዥው ወደ መድረክ ወጡ፤ ብርቱካናማው ሰደርያ በግዛታችን ተወካዮች ረድፍ ውስጥ አንድ ባዶ ወንበር አየ፤ እኔም ተወካዮቻችን ከሚያደርጉት የበቆሎ ኮፍያ ትርፉን ደፍቼ፣ ካርቶኔን ይዤ በሎይስ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አገረ ገዥው «ትናንሽ ከተሞቻችን» ሲሉ የአስተባባሪው እጅ ተነሳ፤ ተነሳሁ። ካሜራው መጣ። ስክሪኑ ላይ ራሴን አየሁ፤ ከራሴ ይልቅ ግን የእህቴን ፊደላት ነበር ያየሁት፤ እያንዳንዳቸው እንደ በር ገዝፈው፣ የመጨረሻዎቹም ጠርዝ ላይ ተደራርበው። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ።

ከዚያ ለንግግሩ ማሳረጊያ ጣሪያው ላይ በመረብ ተይዞ የነበረው ፊኛ ሁሉ ተለቀቀብን። የጤና አማካሪውንም ያገኘሁት በፊኛው መሃል፣ በረድፋችን ሲያልፍ ነው። እጄን ጨበጠና «ዌስትሊን! አየንሽ እኮ! ክቡርነታቸው እንዴት ደስ እንዳላቸው!» አለኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት የሚቀጥለውን እጅ ይዞ ነበር። ቃል የተገባልኝ ሁለት ደቂቃ ይኸው ነው፤ ቅሬታ የለኝም፤ በዚያ ግርግር መጨበጡም ትልቅ ነገር ነው። ሎይስ ባዶ እጇን ስትገባ እኔ ገና ወንበሯ ላይ ነበርኩ። ካርቶኑን አየችው፤ ቀረብ ብላ ደግማ አየችው።

«ማርሊስ፣ ይሄን ትሬሳ ናት እንዴ የጻፈችው?»

ፊኛ እየፈነዳ ስለነበር አልሰማሁም ለማለት ቻልኩ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር የሚሄድልኝ አልሆነም።

ኮሚቴዎ ፎቶግራፉን ለመላው አገር ስላሠራጨው ወደ ግዛታችን የጤና ቢሮም ደረሰ። ቢሮው የእናቶቹን አቤቱታ ለመስማት ቀን ቆርጦ ነበር። ይሁንና በዚያ ያሉ አንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ ፎቶግራፉን ከአቤቱታው ጎን አስቀምጠው ቢያስተያዩ፣ ወደ ኋላ ያዘነበሉት ፊደላት አንድ ሆነው፣ ጠርዝ ላይ የተደራረቡትም አንድ ሆነው አገኟቸው። ቢሮው ለትሬሳ በላከው ደብዳቤ፣ ዋናዋ አቤቱታ አቅራቢ በገዛ እጇ ጽሕፈት በአገር ፊት ምስጋና ያቀረበች በመሆኗ አቤቱታው በፈቃዷ እንደተነሣ ተቆጥሮ የመስሚያው ቀን መሠረዙን ገልጾ፣ ስለ መልካም ቃሏም አመስግኗታል። ይህን መቼም በክፍል ውስጥ ማንም አያስተምረኝም ነበር። ሰው ሳይናገር አመሰገነ፤ ስላመሰገነም አያስፈልገውም ተባለ።

ወደ እህቴ እመጣለሁ ብዬ ነበር። ትሬሳ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደሟ አልቆም ብሎ ነበር። የኦፕራሲዮን ክፍሉ ኮሪደሩን እንደተሻገሩ ስለነበር ተረፈች፤ ሐኪሙ እዚያው ቆሞ፣ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አበቃላት ነበር አለን። በሁለተኛውም ሊደገም እንደሚችል ነግሮናል። ሁለተኛው የሚወለደው በቆሎ በሚሰበሰብበት ሰሞን ነው። አሁን ቅርብ የሚባለው ሆስፒታል በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ መሃሉ ላይ የባቡር ማቋረጫ አለ፤ በመከር ጊዜ እህል የጫነው ባቡር መንገዱን ዘግቶ ሲቆም እስኪነሳ መጠበቅ ነው እንጂ መዞሪያ የለም። ባሏ ሮስኮ በየእሁዱ ብቻውን እየነዳ መንገዱን ይለማመዳል። ባለፈው እሁድ ባቡሩ ቆሞ ጠበቀው። ሲመለስ ምሳውን ሳይነካ ወደ ግቢ ወጣ።

ከተማው ስለ እኔ ጥሩ ነገር እያወራ ነው። ቁርስ ቤት ስገባ ባለቤቷ ቨርና ቡናዬን ጠረጴዛው ላይ ዱብ አድርጋ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ላንቺ በነጻ ነው፤ አመስጋኝ ሰው አይከፍልም!» አለችኝ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬም አልቀሩም፤ «ማርሊስ፣ እባክሽ ለዝናቡም አመስግኚልኝ፤ አልዘነበም እንጂ» አሉኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቡናውን ሳልጠጣ ወጣሁ። ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልኩት የትሬሳን ነው። ስትሰድበኝ፣ ስትጮህብኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን የጤና ቢሮውን ደብዳቤና ፎቶግራፉን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ ብዙ ካየች በኋላ እንዲህ ብቻ አለችኝ።

«መጀመሪያ እኔ ጽፌው ረስቼው ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ። ጎበዝ፣ በደንብ ነው ያስመሰልሽኝ።»

ከዚያ የሕፃኑን ልብስ ማጣጠፏን ቀጠለች። ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ፈርቻለሁ። የምፈራውም ስሜ እንዳይጠፋ ወይም ውጤቴ እንዳይበላሽ አይደለም፤ ባቡሩ እስኪያልፍ እህቴ መኪና ውስጥ እንዳትሞትብኝ ነው።

ወደ ጤና ቢሮው ሄጄ ካርቶኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ ማልኩ። እዚያው ፊታቸው በትሬሳ ጽሕፈት ጽፌ አሳየኋቸው። የቢሮው ሰዎች ትሑታን ናቸውና፣ እህት ለእህቷ ብላ ብዙ ትላለች ብለው በፈገግታ አሰናበቱኝ። ሆኖም አንድ በር ክፍት አድርገውልኛል። ካርቶኑን ያሠራውና ቃሉን የመረጠው ጉባኤው ራሱ መሆኑን አዘጋጅ ኮሚቴው በጽሑፍ ካረጋገጠ፣ አቤቱታው ተመልሶ ይሰማል፤ ማረጋገጫው ግን እስከ መጪው ዓርብ መድረስ አለበት። እንዳይደክሙ ብዬ ዓረፍተ ነገሩን እኔው አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ «ካርቶኑን ያሠራነውም፣ ቃሉን የመረጥነውም እኛ ነን፤ የዌስትሊን ሰዎች አይደሉም» ይላል። ከእርስዎ የሚጠበቀው ፊርማ ብቻ ነው። ስልክ እያነጋገሩ ሊፈርሙት ይችላሉ። ሳያነቡት ቢፈርሙትም አልቀየምም፤ እኔም ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩላችሁ።

ቀልዱ እዚህ ላይ አለቀብኝ። ይህን ብናምን ፓርቲው ድምፅ ያጣል ብለው ከሰጉ፣ የዌስትሊን ሰው ሁሉ ዝም እንዲል እኔ እለምናለሁ። ጥፋተኛዋ ተማሪዋ ናት ብለው መጻፍ ቢፈልጉም ይጻፉ፤ እፈርምበታለሁ። ከኮሌጅ ቢያባርሩኝም እሄዳለሁ። ብቻ ይጻፉ። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ፤ እስከ ዓርብ ይጻፉልኝ።

ለሰጣችሁኝ የማይረሳ ትምህርት፣ ላስቀመጣችሁኝ የሰው ወንበር፣ ላደረጋችሁልኝ የሰው ኮፍያና ለጨበጥኩት እጅ ሁሉ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ቅርብ ሐኪምና ባቡር የማይቆምበት መንገድ እመኛለሁ።

ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣ እጅ ሲነሣላት የምትነሣው፣
ማርሊስ ቮንድራ
ከዌስትሊን

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ልልክ ስል ከቢሮዎ ፖስታ ደረሰኝ። ማሽን ሳይሆን ሰው የጻፈው ስለነበር ትሬሳን ጠርቼ፣ አብረን ከፈትነው። በውስጡ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ምንም የለም። በፓርቲው ዕጩ የተፈረመ የእኔ ፎቶግራፍ አለ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በሚደረገው ጉባኤ የካርቶን ክፍሉን የእናቶች ጽሕፈት በኃላፊነት እንድይዝ የሚጋብዝ ደብዳቤም አለ። ግብዣውን በደስታ ተቀብያለሁ። ትሬሳ እስከዚያ ካለች ራሷን ይዣት እመጣለሁ፤ በር ላይ እንዳትመልሱብኝ ብቻ አደራ። ከሌለች ግን አትስጉ፤ ጽሕፈቷን አልረሳውም፤ ያን ጊዜ እንደ እሷ የሚጽፍ ሌላ እጅ ስለማይኖር፣ የማን ነው ብሎ የሚያስተያይም አይመጣባችሁም።